መብራት ሲጠፋ የሚፈጥን ላፕቶፕ

ጉዳዩ የአንድ ዴል ላቲትዩድ ላፕቶፕ ነው። የሚሠራው አራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙም በማይርቅ ትንሽ የዲዛይን ቤት ውስጥ ነው። የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ ባነር፣ ቢዝነስ ካርድ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የምርቃት መጽሔት ይሠሩበታል። ባለቤቱ ሃምሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ዲዛይኑን የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ናት። የጠሩኝ ጥር ሊገባ ሲል ነበር። በዚያ ሰሞን የሠርግ ካርድ ትእዛዝ እንዴት እንደሚጎርፍ የኅትመት ሰው ያውቀዋል።

ላፕቶፑ ከውጭ አገልግሎ የመጣ ነው። ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር አለው። ግራፊክሱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ኢንቴል ኤችዲ 520 ነው። የተጫነበት ዊንዶውስ 10 ነው። ኢንቴል ይህን ትውልድ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። አርጅቷል፤ ለካርድና ለባነር ግን አያንስም። በዚህች ከተማ እሱን በመሰለ ማሽን ስንት ቤት እንጀራ እየተበላ ነው።

ቅሬታው

በስልክ የነገሩኝ "ስታክ ያደርጋል" ብቻ ነው። ይሄ ለመነሻ እንጂ ለሕክምና አይበቃም። ዲስኩ ሊሆን ይችላል፣ ራሙ ሊሆን ይችላል፣ ኢንተርኔቱም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንደደረስኩ ማሽኑን አልነካሁም። ከልጅቷ ጎን ተቀምጬ ስትሠራ አየሁ።

ፎልደር ይዛ ወደ ጎን ስትጎትት ፎልደሩ ከማውሱ ኋላ ቀርቶ እየዘለለ ይከተላታል። ኮሬልድሮው ላይ የሙሽሮቹን ስም ትንሽ ከፍ ልታደርግ ስትሞክር ጽሑፉ ቆሞ፣ ቆይቶ፣ ድንገት ያልፈለገችው ቦታ ላይ ይገኛል። ድረ ገጽ ወደ ታች ስትገፋ ስክሪኑ እየተቆራረጠ ይወርዳል። ቪዲዮ ስትከፍት ድምፁ ይቀድማል፣ ምስሉ ይቀራል።

አሁን ደግሞ ደህና የሆነውን ተመልከቱ። ላፕቶፑ ሲበራ ቶሎ ነው የሚነሳው። ትልቅ ፋይል ከፍላሽ ሲገለበጥ ፈጣን ነው። ፕሮግራም ሲከፈት አያስጠብቅም። የሚሰቃየው ስክሪኑ ላይ የሆነ ነገር መንቀሳቀስ ሲኖርበት ነው።

"ሌላም አለ" አለች ልጅቷ። "መብራት ሲጠፋ ይሻለዋል።"

ጋሼ ሳቁ። "መብራት ሲጠፋማ ሁላችንም ይሻለናል፤ አረፍ እንላለን" አሉ።

እኔ ግን ጻፍኩት፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። ላፕቶፕ ከሶኬት ተነቅሎ በባትሪ ሲሠራ መቆጠብ ነው ያለበት። ዊንዶውስም፣ ፕሮሰሰሩም ትንሽ ቀዝቀዝ ይላሉ። በባትሪ መፍጠን የተገላቢጦሽ ነው። ደንበኛ እንዲህ ያለ የማይመስል ነገር ሲናገር ብዙ ባለሙያ "ይመስልሻል" ብሎ ያልፋል። በእኔ ልምድ ግን ምክንያቱን የሚጠቁመው ብዙ ጊዜ ይሄ የማይመስለው ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ ከማሽኑ ጋር የምትውለው እሷ ናት።

ከእኔ በፊት የተሞከረው

ላፕቶፑ እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት በብዙ እጅ አልፏል። አንዱ ፎርማት አድርጎታል። ሌላው ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ማከማቻ አስገብቶለታል። ሌላው ራሙን ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት አሳድጎታል። አንድ ጎረቤት ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ ላይ አላክኮ የአማርኛ ፊደሎቹን አስጠፍቷል። ልጅቷ ለአንድ ቀን ያለ አማርኛ ፊደል የአማርኛ ጥሪ ካርድ ስትሠራ መዋሏን አስቡት።

ኤስኤስዲው ጥሩ ሥራ ነው፤ ማሽኑ ቶሎ የሚነሳው በእሱ ነው። ራሙም አይጎዳም። አብሮ የተሠራ ግራፊክስ የራሱ ማስታወሻ የለውም፤ ከራሙ ነው የሚበደረው። ስለዚህ ሁለት ተመሳሳይ ራም ጎን ለጎን መኖራቸው የመረጃ መተላለፊያውን ያሰፋለታል። ችግሩ ሁሉም መድኃኒቱን ይዘው የመጡት በሽታውን ሳያዩ ነው። ጋሼም ለእያንዳንዱ ከፍለዋል። "ብር አይደለም የቆጨኝ" አሉኝ፤ "በየጊዜው 'አሁን ተስተካክሏል' እያሉኝ መሄዳቸው ነው።"

ሙቀቱን መጀመሪያ ነው ያጣራሁት። አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ በቁፋሮና በግንባታው ሰሞን ያልጠጣነው አቧራ የለም፤ የላፕቶፕ ፋንም ከእኛ ጋር ጠጥቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ያው ፋን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ከተማ ያነሰ ሙቀት ነው የሚያወጣው። ከፈትኩት፣ አጸዳሁት፣ የሙቀት ቅባቱን አደስኩ። ግን መልሱ ይሄ እንዳልሆነ ከወዲሁ ይታየኝ ነበር። በሙቀት የሚዘገይ ማሽን ጠዋት ሲበራ ደህና ነው፤ እየቆየ ነው የሚደክመው። ይሄኛው ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ ገና ሲነሳ ጀምሮ ነው የሚጎተተው።

ስክሪኑን የሚሥለው ማን ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ የሚፈታው ከዚህ ስለሆነ።

የተለመደው ስክሪን 1920 በ1080 ነጥብ ነው። ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ይሆናሉ። እያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ይወስዳል። አንድ ሙሉ የስክሪን ምስል እንግዲህ ወደ 8 ሜጋባይት ነው። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል። ፎልደር ይዘን ስንጎትት ኮምፒውተሩ አዲሱን ምስል አዘጋጅቶ ለማቅረብ ያለው ጊዜ ከ17 ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ነው ማለት ነው። የተጠናቀቀውን ምስል ማድረስ ብቻ በሰከንድ ወደ 500 ሜጋባይት ይሆናል። በመካከል ያለው ስሌት፣ ጥላው፣ ግልጽነቱ፣ የመስኮቶቹ መደራረብ ገና አልተቆጠረም።

ዊንዶውስ ውስጥ ይህን የሚያደርገው ዴስክቶፕ ዊንዶው ማኔጀር የሚባል ክፍል ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ገጽ ይሥላል፤ እሱ ደግሞ ሁሉንም ደራርቦ አንድ ምስል ያደርጋቸዋል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ይህን ክፍል ማጥፋት አይቻልም። ጉልበቱን የሚያገኘው ከግራፊክስ ቺፑ ነው። ቺፑን የሚያናግርበት ፕሮግራም፣ ማለትም ድራይቨሩ፣ ከሌለ ግን ሥራው አይቆምም። ማይክሮሶፍት ዋርፕ ብሎ በሠራው ሶፍትዌር አማካይነት ሁሉም ነገር ወደ ዋናው ፕሮሰሰር ይዛወራል። ባለሙያው ሠዓሊ በሩ ተቆልፎበት ደጅ ቆሞ፣ ሒሳብ ሹሙ ቀለም እየቀባ ነው እንደማለት ነው። ሥዕሉ ይወጣል። ግን ሒሳቡም ይቆማል፣ ሥዕሉም ይዘገያል።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ተጭኜ ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ። ልጅቷ ፎልደሩን ይዛ ግራና ቀኝ እንድትጎትት አደረግኩ። ዴስክቶፕ ዊንዶው ማኔጀር ከታች ተነስቶ የዝርዝሩ አናት ላይ ወጣ። ፐርፎርማንስ የሚለው ገጽ ላይ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ) አለ፣ ሜሞሪ አለ፣ ዲስክ አለ፤ ጂፒዩ (የግራፊክስ ቺፑ) የለም። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 1709 እትም ጀምሮ ደህና ድራይቨር ያለው ማሽን ላይ ይህ ሣጥን መታየት አለበት።

ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገባሁ። ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ከሚለው ሥር ኢንቴል የሚል ስም አልነበረም። የነበረው "ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር" ነው።

ይህ ዊንዶውስ የግራፊክስ ቺፑን ድራይቨር ሲያጣ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ድራይቨር ነው። ስክሪን ያሳያል፣ ሌላ አይጠበቅበትም። በአንዴ ሌሎች ነገሮችም ተገለጡ። የስክሪኑን ብርሃን መቀነሻ ጠፍቶ ነበር። ከማጥፊያው ሜኑ ላይ ስሊፕ የሚለው ምርጫ የለም። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ሞኒተር ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። "ያ ምንድነው?" አልኳቸው ጋሼን። "ተበላሽቷል፤ ብንሰካው አይሠራም" አሉኝ። ሞኒተሩ ምንም አልሆነም። ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር ሁለተኛ ስክሪን አያውቅም።

ድራይቨሩ እንዴት ጠፋ? ፎርማት ያደረገው ሰው ዊንዶውሱን ጭኖ ሄዷል። ይሄ ራሱ ብቻውን ችግር አይሆንም ነበር። ዊንዶውስ 10 ኢንተርኔት ሲያገኝ የጎደለውን ድራይቨር በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ራሱ ያመጣል። ግን ያው ሰው ከመሄዱ በፊት አፕዴቱን ዘግቶታል፤ ፓኬጅ እንዳይበላ። በዚህ ልፈርድበት አልፈልግም። በሞባይል ዳታ የሚሠራ ሱቅ ውስጥ ዊንዶውስ ሳይጠየቅ ጊጋባይት ሲያወርድ ምን እንደሚሰማ እናውቃለን። መዝጋቱ ሳይሆን ድራይቨሮቹን ሳያስገባ መዝጋቱ ነው ጥፋቱ። አንድ ቀን ክፍት ቢተወው፣ ከዚያ ቢዘጋው፣ የዚህ ጉዳይ ግማሹ አይኖርም ነበር።

ከላፕቶፑ ሥር ያለውን የማሽኑን መለያ፣ ባለ 7 ፊደልና ቁጥር ሰርቪስ ታግ፣ ዴል ድረ ገጽ ላይ አስገብቼ ለዚያው ማሽን የተዘጋጀውን የግራፊክስ ድራይቨር አወረድኩ። በዚያው የቺፕሴቱን (የማዘርቦርዱን) ድራይቨርም ጨመርኩ። ድራይቨር በራሳቸው ፈልገው እንጭናለን የሚሉ ነጻ ፕሮግራሞችን አልጠቀምም። ከድራይቨሩ ጋር ምን ምን አብሮ እንደሚገባ አይታወቅም።

ሲጫን ስክሪኑ ለአፍታ ጠቆረና ተመለሰ። የብርሃኑ መቀነሻ መጣ። ስሊፕ መጣ። ታስክ ማናጀር ላይ ጂፒዩ የሚል ሣጥን ወጣ። ሞኒተሩን ሰካነው፤ በራ። ጋሼ ጨርቁን አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፤ እጃቸው ወዲያው ወደ ኪሳቸው ሄደ።

"ጋሼ፣ ገና ነኝ" አልኳቸው።

ያልተብራራው ምልክት

ድራይቨሩ ብዙ ነገር አብራርቷል። መብራት ሲጠፋ ለምን እንደሚሻለው ግን አላብራራም። ድራይቨር ቻርጀር ተሰካ አልተሰካ አይልም፤ ከሌለ የለም። አንድ ምልክት ሳይብራራ ከቀረ ጉዳዩ አልተዘጋም ብዬ ነው የምሠራው።

ሌላም ያስተዋልኩት ቁጥር ነበር። ታስክ ማናጀር ላይ ሲፒዩው ያን ሁሉ ሲሰቃይ አጠቃቀሙ ከ33 በመቶ አያልፍም ነበር። ከእኔ በፊት የመጡትም ይህን አይተውት ይሆናል። ለሚያየው ሰው "ፕሮሰሰሩ ሁለት ሦስተኛው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው" ያስብላል።

ልጅቷን አንድ ከባድ ባነር ወደ ፒዲኤፍ እንድትቀይር አደረግኩና ከመቶኛው በታች ያለውን የፍጥነት ቁጥር አየሁ። 0.79 ጊጋኸርዝ ይላል።

የዚህ ፕሮሰሰር መነሻ ፍጥነት 2.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ ሲፈለግም ወደ 3 ይጠጋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማሽኑ ሥራ ሲፈታ 0.8 አካባቢ መውረዱ ጤና ነው፤ እየቆጠበ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ዝም ብሎ ከፍቶ ማየት ያሳስታል። ከባድ ሥራ እየሠራ እያለም እዚያው ከቆየ ነው በሽታ የሚሆነው። 33 በመቶውም ከዚሁ የመጣ ነው። በዊንዶውስ 10 ታስክ ማናጀር መቶኛውን የሚያሰላው ከመነሻው ፍጥነት አንጻር ነው። 0.79ን ለ2.4 ስናካፍል ወደ 33 በመቶ ይመጣል። ፕሮሰሰሩ ሥራ አልፈታም። ያለውን ሁሉ እየሰጠ ነው፤ ያለው ግን አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ እስቲ ቻርጀሩን ይንቀሉት" አልኩ።

ነቀሉት። ቁጥሩ ወዲያው 2.8 ገባ። ባነሩ ተፈናጥሮ አለቀ። መልሰው ሲሰኩት ወደ 0.79 ወረደ። ሲነቅሉ ይወጣል፣ ሲሰኩ ይወርዳል። ልጅቷ አጎቷን እያየች "አላልኩም?" አለች። ጋሼ በዚህ ጊዜ አልሳቁም።

ቻርጀሩ

የላፕቶፑ የመጀመሪያ ቻርጀር አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ተቃጥሏል። የሚታወቅ ነው፤ መብራት ሲመጣ አንዳንዴ ከልክ በላይ ሆኖ ነው የሚመጣው። በምትኩ የተገዛው ላዩ ላይ 65 ዋት፣ 19.5 ቮልት የሚል አለው። አፉም ልክ ይገባል። ቮልቱን ስለካው ትክክል ነው። ታዲያ ምኑ ነው?

የእነዚህ ላቲትዩዶች ቻርጀር አፍ መሐል ላይ ቀጭን መርፌ አለች። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በእሷ በኩል አይደለም። ቻርጀሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ቺፕ "እኔ የዚህን ያህል ዋት ነኝ" ብላ ለላፕቶፑ የምትናገረው በዚያች መርፌ ነው። ላፕቶፑ ይህን መልእክት ካላገኘ ከምን ዓይነት ቻርጀር ጋር እንደተገናኘ አያውቅም። ባላወቀው ቻርጀር ላይ ሙሉ ጉልበት ስቦ እንዳያቃጥለው ባትሪውን መሙላት ያቆማል፤ ፕሮሰሰሩንም ወደ ታችኛው ፍጥነት ያወርደዋል። ከባትሪው ሲሠራ ግን የባትሪውን አቅም ያውቃል፤ መጠንቀቅ አያስፈልገውም፣ ይለቀዋል። መብራት ሲጠፋ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ባትሪው እንዴት ይሞላ ነበር? የዚህ ቻርጀር ችግር መልእክቱ ጨርሶ አለመኖሩ አልነበረም። አንዴ ይደርሳል፣ አንዴ አይደርስም። ልጅቷ ገመዱን በሆነ አቅጣጫ አጥፋ፣ ስቴፕለር አስደግፋ ነበር የምታስቀምጠው። "እንዲህ ካላደረግሁት ቻርጅ አያደርግም" አለችኝ። ማታ እንዲህ ታስደግፈዋለች፣ ባትሪው ይሞላል። ቀን ሥራ ላይ ገመዱ ይነካካል፣ ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ ማሽኑ ይጎተታል። "አንዳንድ ቀን ደህና ይውላል" ይሉ የነበረውም ይኸው ነው።

ላፕቶፑ ግን ይህን ሁሉ ዝም ብሎ አልቻለም፤ ሊናገር ሞክሮ ነበር። ዴል እንዲህ ያለ ቻርጀር ሲያጋጥመው ገና ሲነሳ የቻርጀሩን ዓይነት መለየት አልቻልኩም የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ጋሼን ጠየቅኳቸው።

"አዎ፣ ድሮ ሲነሳ የሆነ እንግሊዝኛ ያመጣ ነበር። ኤፍ 1 ካልተጫንክ አያልፍም። አሰልቺ ነበር፤ አንዱ ልጅ መጥቶ አጠፋልን።"

ላፕቶፑን አጥፍቼ ሲነሳ ኤፍ 2 ተጫንኩና ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ፣ ገባሁ። እውነትም የአዳፕተር ማስጠንቀቂያ የሚለው ምርጫ ተዘግቷል። የባትሪው ገጽ ላይ ደግሞ የቻርጀሩ ዓይነት አልታወቀም ይላል። በዚህ ጉዳይ ከተሠራው ሁሉ በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። አፕዴት የዘጋው ሰው ምክንያት ነበረው። ማስጠንቀቂያ የዘጋ ሰው ግን ምን እንደሚል አንብቦ ነው የዘጋው።

ገና አዲስ ቻርጀር አላስገዛኋቸውም። ጥፋቱ ከቻርጀሩ ሳይሆን ከላፕቶፑ መሰኪያ ሊሆን ይችላል፤ እዚያም ውስጥ መርፌዋን የሚቀበል ቀጭን ነገር አለ፣ ይበላሻል። ጎረቤት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ተመሳሳይ ላቲትዩድ አላቸው። የእነሱን ቻርጀር ተውሰን በጋሼ ላፕቶፕ ሰካነው፤ ባዮሱ 65 ዋት ብሎ አነበበው፣ ፍጥነቱም ከ2.7 በላይ ቆየ። የጋሼን ቻርጀር ደግሞ በፎቶ ኮፒ ቤቱ ላፕቶፕ ሰካነው። ያም ላፕቶፕ ተጎተተ። አንዱን ብቻ ሞክሮ መተው ይቻል ነበር፤ ሁለቱን አገላብጦ ማየት ግን ጥርጣሬ አያስቀርም። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ "የእኔንም ልታበላሹብኝ ነው" እያለ ነበር። ሲነቀል ወዲያው ይመለሳል ብለን አረጋጋነው፤ ተመለሰም።

ትሮትልስቶፕ የሚባል ፕሮግራም ይህን ገደብ በሶፍትዌር ማንሳት እንደሚችል የሚያውቁ አሉ። ይሠራል። ግን ለጋሼ አልጫንኩላቸውም። አቅሙ ያልታወቀ ቻርጀር ላይ ሙሉ ጭነት መጣል ነው፤ ቤቱ ደግሞ ከወለል እስከ ጣሪያ ወረቀት ነው። ባትሪውም ቢሆን በዚህ መንገድ መሙላት አይጀምርም።

ቻርጀር ሲገዙ ላፕቶፑን ይዘው እንዲሄዱ ነገርኳቸው። ሱቁ ውስጥ ሰክቶ፣ ባዮስ ገብቶ፣ ዋቱን በቁጥር ካነበበ ይገዛል፤ አልታወቀም ካለ ይመለሳል። ቮልቱና አፉ አንድ ከሆነ 90 ዋት የሚለውንም መግዛት ይቻላል፤ ላፕቶፑ የሚስበው የሚያስፈልገውን ያህል ነው። አንዳንዱ ሻጭ ይህን ምርመራ አይወድም። የማይወድ ከሆነ ሌላ ሱቅ አለ። ጋሼ አገልግሎ የመጣ ግን ኦሪጅናል የሆነ ቻርጀር አገኙ። ከማከፋፈያው በፊትም ስታብላይዘር አስገቡ፤ ይሄኛውም እንዳይቃጠል። ማስጠንቀቂያውን ባዮስ ውስጥ መልሼ ከፈትኩት።

የቀሩት ጥቃቅን ነገሮች

ያለ ድራይቨር በነበሩበት ጊዜ የተነካኩ ነገሮች ነበሩ። ክሮም ላይ አንድ ሰው ሃርድዌር አክሰለሬሽን የሚለውን አጥፍቶታል። ያኔ ምንም ለውጥ አላመጣም፤ አሁን ግን ቺፑ ሥራ ሊጀምር ሲል በሩን ይዘጋበታል። ከፈትኩት። ፎቶሾፕ ውስጥም ግራፊክስ ፕሮሰሰር ተጠቀም የሚለውን ምርጫ መልሼ አበራሁት።

ዩቲዩብ ላይ አንዳንድ ቪዲዮ አሁንም ሲፒዩውን ያስቸግረዋል። ምክንያቱ ሌላ ነው። ኤቪ 1 የሚባለውን አዲስ የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ ይህ ግራፊክስ በቺፕ ደረጃ አያውቀውም፤ ኢንቴል ይህን አብሮ በተሠራ ግራፊክስ ላይ ያመጣው ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። ጥራቱን ዝቅ አድርጎ ማየት ነው። ልጅቷ በሥራ ሰዓት ዩቲዩብ የምትከፍተው ለትምህርት ብቻ መሆኑን አጎቷ ፊት አረጋግጣልኛለች።

አፕዴቱን ጨርሶ ዘግቼ አልተውኩትም። ዋይፋዩን ሜተርድ በሚለው ምርጫ አስተካከልኩት፤ እንዲህ ከሆነ ዊንዶውስ አብዛኛውን ማውረድ ያቆየዋል፣ ሲፈልጉ ይለቁታል። አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ስድስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰርን አይቀበልም። ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ የተራዘመ የደህንነት አፕዴት አለ። እሱን መመዝገብ ወይም ማሽኑን ለዲዛይን ብቻ አድርጎ ኢሜይልና ቴሌግራሙን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ማዛወር እንደሚቻል ለጋሼ አስረዳኋቸው። ከደንበኛ ፍላሽ የሚገባው ቫይረስ ነው ይበልጥ የሚያሰጋኝ፤ ያን ቤት በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚጎበኘው አይቻለሁ።

ጋሼ አሰቡበትና ከሚያዝያ ሠርግ በኋላ እንነጋገር አሉኝ። ልጅቷ ሁለተኛውን ሞኒተር ወደ ራሷ ስባ ካርዱን አንዱ ላይ፣ የስም ዝርዝሩን ሌላው ላይ ከፍታ ሥራዋን ቀጥላ ነበር።